ጨለማ የዋጠው የማኅሌት ቅጂ፦ በኤፍኤፍኤምፔግ ምን ያህል ይድናል?

የብቸናው_ልጅ
ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. የበዓል ዋዜማ ማኅሌት ሲቆሙ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ አስተላልፎት ነበር። እኔ ያኔ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ነበርኩ። አጎቴ ቤት ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰካሁና ቀዳሁት። አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ሌላ ቪዲዮ ቤታችን የለም።

ችግሩ ምስሉ ነው። ሌሊት ነው፤ መብራቱ ጧፍና አንድ አምፖል ብቻ። ጥቁሩ ቦታ ሁሉ ካሬ ካሬ ሆኗል። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ በየግማሽ ሰከንዱ ይለዋወጣል፣ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። እጃቸውን ሲያነሡ ደግሞ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ ብርሃኑን ከፍ ሳደርገው ባሰበት። ካሬው ሁሉ ወጥቶ ፊታቸውን ሸፈነው።

ላፕቶፔ ላይ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ጭኛለሁ፤ ግን ኮንቨርት ከማድረግ ሌላ አላውቅበትም። ፋይሉ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፣ አንዱ ልክ 4 ጊጋ ላይ ቆሟል። ከየት ልጀምር?


ጮቄ_ማዶ
ሰኞ ማታ 3:02

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቅጂውን እስከ ዛሬ ማቆየትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ዋናውን ፋይል አትንካው። ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው። የምትሞክረው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን። ፍላሽ እንደሆነ አንድ ቀን ድንገት አልከፍትም ይላል።

4 ጊጋ ላይ የቆመው ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ስለነበረ ነው። ፋት32 ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም። የአንተ ፋይሎች ቲኤስ (የቴሌቪዥን ስርጭት የሚቀዳበት ዓይነት ፋይል) ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ቲኤስ ጫፍና ጫፉን መግጠም ይቻላል፤ ኮንካት (ማገጣጠም) አድርግና ኮዴኩን (መጭመቂያውን) ኮፒ በለው። እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራቱ አይነካም።

ከዚያ የፋይሉን ዝርዝር የሚያሳየውን ኤፍኤፍፕሮብ አስነሣና የሚልህን ጻፍልን። ኮዴኩ ምንድን ነው? ስፋቱ 720 ነው ወይስ 544? ቢትሬቱስ (በሰከንድ ስንት ቢት ነው)?

ስሞቹን እኛ እንደምንጠራቸው በፊደላችን እጽፍልሃለሁ። ተርሚናሉ ላይ ስታስገባ በላቲን ነው።


የብቸናው_ልጅ
ሰኞ ማታ 3:40

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ገጠምኩት፣ ድምፁም ምስሉም ሳይዛነፍ ሄደልኝ።

ኤምፔግ2 ነው። 544 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ቶፕ ፈርስት (የላይኛው መስመር ይቀድማል) ይላል። ቢትሬቱ ወደ 2 ሜጋ ቢት ነው። የመጀመሪያው ፋይል ብቻ ከአራት ሰዓት በላይ ይሄዳል። አባቴ የሚታዩት ግን 40 ደቂቃ ገደማ ነው። እሷን ቆርጬ አውጥቻለሁ።


ጮቄ_ማዶ
ማክሰኞ ጠዋት 1:30

ጥሩ። እንግዲህ ያየኸው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ትንሽ ላብራራልህ፤ ምክንያቱን ካወቅኸው ቁጥሮቹን ራስህ ታስተካክላለህ።

ኤምፔግ2 ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለውን ልዩነት ያሰላና ትንንሹን ልዩነት ይጥለዋል። ቢትሬት ሲያንሰው የበለጠ ይጥላል። ጨለማ ቦታ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሁሉ ትንሽ ነው። የጥቁር ካባ እጥፋትና ከኋላው ያለው ግድግዳ በቁጥር ሲታዩ ሁለት ሦስት ደረጃ ቢለያዩ ነው። ስለዚህ ይጣላል። ካሬው ሙሉ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ይቀራል። አንተ ካሬ ካሬ የምትለው ይሄ ነው።

ግድግዳው የሚተነፍሰው ደግሞ እንዲህ ነው። ኤንኮደሩ ሙሉ ምስል የሚልከው አልፎ አልፎ ነው፤ በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ በየ12 ፍሬሙ። በመሃል ያለውን የተለወጠውን ብቻ እየላከ ይሞላዋል። አዲስ ሙሉ ምስል በመጣ ቁጥር ያው ግድግዳ በትንሹ ተለይቶ ይመጣል። 12 ፍሬም በ25 ሲካፈል ግማሽ ሰከንድ ነው። ራስህ በዓይንህ ለክተኸዋል።

የማበጠሪያው ጥርስ ኢንተርሌስ ነው። በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ሳይሆን 50 ግማሽ ምስል ነው የተላከው። አንዱ ጎዶሎ መስመሮቹን፣ አንዱ ሙሉዎቹን ይይዛል። እጅ በመሃል ሲንቀሳቀስ ሁለቱ አይገጥሙም።

አሁን ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ቪኤልሲ ላይ ብርሃን ስትጨምር የባሰው ካሬውንም አብረህ ስላበራኸው ነው። ጤፍ ሳይበጠር ከተፈጨ ገለባውም ዱቄት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይለየዋል? መጀመሪያ ታጸዳለህ፣ ከዚያ ታበራለህ።

ሰረዝ ቪኤፍ ከሚለው ቀጥሎ ፊልተሮቹን (ማጣሪያዎቹን) በኮማ ለይተህ ትደረድራለህ። በጻፍካቸው ተራ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ የማበጠሪያውን ጥርስ የሚያጠፋው ብዊዲፍ። ምንም ሳትጨምርበት በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም ያወጣልሃል፣ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ቀጥሎ የካሬዎቹን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ዲብሎክ፤ ፊልተሩን ዊክ፣ ብሎኩን 8 በለው። ከዚያ ፍርክርኩንና መለዋወጡን የሚያለሰልሰው ኤችኪውዲኤን3ዲ። ለጊዜው ብርሃኑን ተወው።

ስፋቱን እንዳትለውጥ አደራ። 544ን ወደ 720 ከሳብከው የካሬዎቹ ጠርዝ ከ8 ላይ ይነሣና ዲብሎክ አያገኛቸውም። መጠን መቀየር መጨረሻ ላይ ነው።

40 ደቂቃውን በሙሉ አትልፋበት። በሰረዝ ኤስኤስ (መነሻው) እና በሰረዝ ቲ (ርዝመቱ) 20 ሰከንድ ቆርጠህ ሞክር። ጨለማም፣ ጧፍም፣ የሚንቀሳቀስ እጅም ያለበትን ቦታ ምረጥ።


የቡሬ_ቴክኒሻን
ማክሰኞ ቀን 6:20

እኔ ብሆን ይሄን ሁሉ አልደክምም። አሁን በኤአይ የሚሠሩ ማጥሪያዎች አሉ። ፋይሉን ትሰጠዋለህ፣ ፊቱን አጥርቶ ያወጣልሃል። የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሞክሬው ሰዎቹ በጣም ተደስተዋል።


ሰብለ_ባሕርዳር
ማክሰኞ ቀን 7:05

ለሠርጉ ጥሩ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን እባክህ ተው።

የአያቴን አንድ የደበዘዘ ፎቶ እንዲህ ባለ ነገር አሳልፌው ነበር። ጥርት ያለ ፊት ወጣ። ዓይኑ ያምራል፣ ቆዳው ያምራል። አያቴ ግን አይደለም። ሌላ ሰው ነው፤ የእሱን ጋቢ የለበሰ ሌላ ሰው። አክስቴ አይታ ምንም ሳትል መለሰችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ቅጂ ላይ የመሪጌታ ፊት ምናልባት 40 ፒክስል ቢሰፋ ነው። ከዚያም ግማሹን ኤንኮደሩ ጥሎታል። ኤአዩ የጎደለውን ከየት ያመጣዋል? ካያቸው ሌሎች ፊቶች ነዋ። ይህ ፋይል ደግሞ ቤተሰቡ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ነው። ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ አያታችን ይህ ነበር ብለው የሚያዩት እሱን ነው።

ጮቄ_ማዶ የሰጠህ ፊልተሮች ከውጭ ምንም አይጨምሩም። ቆሻሻውን ይቀንሳሉ እንጂ። የጠፋው እንደጠፋ ይቀራል፣ የቀረው ግን የራሳቸው ነው።


የቡሬ_ቴክኒሻን
ማክሰኞ ቀን 7:30

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ሠርግ ላይ ሰው ራሱን ያውቃል፤ ቢሳሳት ይታረማል። እዚህ የሚያርም የለም። ሐሳቤን አንሥቻለሁ።


የብቸናው_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 4:10

20 ሰከንዱን ሞከርኩ። ጥርሱ ጠፋ! ግድግዳው ተረጋጋ። ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ጮኽኩ።

ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ምስሉ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሞተ። ሰም የተቀባ ይመስላል። መቋሚያቸውን ወደ ጎን ሲያዞሩ ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ሁለቱንም ስድስት ስድስት ሰከንድ አድርጌ እዚህ አያይዣለሁ።


ዲያቆን_ዘሞጣ
ማክሰኞ ማታ 5:25

ቪዲዮውን አየሁት። ስለ ፊልተር አላውቅም፣ ስለ ማኅሌት ግን ልናገር።

ጸናጽሉ ጠፍቷል።

በመጀመሪያው ቅጂ አባትህ በቀኝ እጃቸው ጸናጽል ይዘዋል። ሲያንቀጠቅጡት ብረቱ የጧፉን ብርሃን እየመታ ብልጭ ብልጭ ይላል። ነጥብ የምታህል ናት፣ ግን አለች። በጸዳው ቅጂ ብልጭታው የለም። እጃቸው ባዶውን የሚወዛወዝ ይመስላል። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ዝም ብሏል። ሞተ ያልከው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

መቋሚያውም ቢሆን ዝም ብሎ ዱላ አይደለም። መቼ ወደ ፊት፣ መቼ ወደ ጎን፣ መቼ ወደ ምድር እንደሚሄድ ሥርዓት አለው። ተማሪ አይቶ ይማርበታል። ጥላ ከጎተተ የት ላይ እንደቆመ አይለይም።


ጮቄ_ማዶ
ማክሰኞ ማታ 6:00

ዲያቆን፣ ዓይንዎን ያቆይልን። እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኤችኪውዲኤን3ዲን ያለ ቁጥር ነው የሰጠሁት።

ያ ፊልተር ሳትነግረው 4፣ 3፣ 6፣ 4.5 ብሎ ነው የሚነሣው። ሦስተኛው ቁጥር ባለፉት ፍሬሞች ብርሃኑን የሚያለሰልስበት ነው። 6 ለእንዲህ ያለ ምስል ብዙ ነው። አንድ ፍሬም ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ኖይዝ (ቆሻሻ) ሊመስለው ይችላል። ጸናጽሉን የበላው እሱ ነው፤ የመቋሚያውንም ጥላ የሚጎትተው እሱ ነው።

ስለዚህ እሱን አውጥተን ሥራውን ለሁለት እንክፈለው።

ለፍርክርኩ ኤንኤልሚንስ። ይህ በአንድ ፍሬም ውስጥ ብቻ ተመሳሳይ ቦታዎችን እየፈለገ ያቀራርባል። ያለፈውን ፍሬም ስለማያይ ጥላ አይጎትትም። የጥንካሬ ቁጥሩን፣ ኤሱን፣ 2 አድርገው፤ 3 ካለፈ ሰሙ ይመለሳል።

ለሚተነፍሰው ግድግዳ አታዲኖይዝ። ይህ ፍሬሞችን ያማክላል፣ ግን ልክ አለው። አንድ ፒክስል ከጎረቤት ፍሬሞቹ ጋር ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ያማክለዋል፤ ትልቅ ከሆነ አይነካውም። የግድግዳው መለዋወጥ ትንሽ ነው፣ ይስተካከላል። የጸናጽሉ ብልጭታ ትልቅ ነው፣ ይታለፋል። የዚህኛው ኤስ ስንት ፍሬም እንደሚያማክል ነው፤ ሳትነግረው 9 ነው። አሁን በሰከንድ 50 ስለሆንን ግማሽ ሰከንድ ማለት 25 ፍሬም ነው፤ ስለዚህ 33 አድርገው። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት።

በሁለቱ መሃል ፎርማት ብለህ ከ8 ቢት ይልቅ ብዙ የብርሃን ደረጃ ወደሚይዘው 10 ቢት አሳድገው። ኤንኤልሚንስ በ8 ቢት ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከእሱ በኋላ። 33 ፍሬም ሲማከል በሁለት ደረጃ መሃል ያለ ቁጥር ይወጣል። 8 ቢት ያንን ይጥለዋል፣ 10 ቢት ይይዘዋል። ጨለማው ውስጥ ተደብቃ የቆየች ትንሽ ልዩነት ካለች የምታገኛት እዚህ ላይ ነው።


የብቸናው_ልጅ
ረቡዕ ማታ 3:20

ጸናጽሉ ተመለሰ! ዲያቆን፣ እባክዎ አይተው ይንገሩኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ በሰከንድ 3 ፍሬም ነው የሚሄደው። 40 ደቂቃው በ50 ሲባዛ 120,000 ፍሬም ነው። አሰላሁት፣ 11 ሰዓት ይወስዳል። እዚህ መብራት 11 ሰዓት ሳይጠፋ የሚቆየው መቼ ነው? ባትሪው ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ትናንት ሌሊት ሦስት ሰዓት ከሄደ በኋላ ጠፍቶ ፋይሉ አልከፈት አለኝ።


ሰብለ_ባሕርዳር
ረቡዕ ማታ 4:00

ይህንን በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም በዚህ ነው ያለቀስኩት።

በሴግመንት (መቆራረጫው) ሁለት ሁለት ደቂቃ አድርገህ ቁረጠው። ኮዴኩ ኮፒ ይሁን፣ ምንም አይቀየርም። 20 ቁራጭ ይሆንልሃል። አንዱ ከ33 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ መብራት ቢሄድም በባትሪ ይጨርሳል። ትንሽ ስክሪፕት ጻፍና ተራ በተራ ይውሰዳቸው። ያለቀውን ፋይል ካገኘ ይለፈው። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

የየቁራጩን ውጤት በኤፍኤፍቪ1 መጭመቂያ አስቀምጠው፣ በኤምኬቪ ፋይል። ሳይጥል ነው የሚጨምቀው። ፋይሉ ይገዝፋል፣ ግን ብርሃኑንና ቀለሙን አሥር ጊዜ ብትሞክር ያን 11 ሰዓት እንደገና አትከፍልም። ብዙ ቤተ መዛግብትም ቪዲዮ የሚያቆዩት በእሱ ነው።


ዲያቆን_ዘሞጣ
ሐሙስ ጠዋት 12:50

አየሁት። ብልጭታው አለ፣ ከድምፁም ጋር ይገጥማል። መቋሚያው ምድር ሲነካም ይለያል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።


ጮቄ_ማዶ
ሐሙስ ማታ 2:45

እንግዲህ ወደ ብርሃኑ።

ብዙ ሰው ኢኪው የሚለውን ፊልተር ይዞ ጋማውን (የብርሃን ማንሻውን) ወደ 1.5 ይገፋል። አትጠቀመው። አንደኛ ኢኪው 8 ቢት ነው፣ የደከምክበትን 10 ቢት ያፈርሰዋል። ሁለተኛ ጧፉንም አብሮ ያነሣዋል።

ከርቭስ ያዝ። ማስተሩ ላይ ነጥቦችን (የነበረው ብርሃን/አዲሱ ብርሃን) ስጠው፦ 0/0፣ 0.15/0.24፣ 0.5/0.56፣ 1/1። ንባቡ እንዲህ ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቆይ፣ በጨለማና በመሃል ያለው ይነሣ፣ የጧፉ ነበልባል ባለበት ይቁም። የመጀመሪያዋን ነጥብ ከ0 እንዳታነሣት። ካነሣሃት ጨለማው ግራጫ ጉም ይሆናል። ሌሊት ነው፤ ሌሊት መምሰል አለበት።

ከከርቭስ በኋላ ዲባንድ ጨምርበት። ግድግዳው ላይ እንደ ቀለበት የሚታየውን እርከን ያጠፋል።

ለቴሌቪዥን የምታወጣውን በኤክስ264 መጭመቂያ፣ የጥራቱን ቁጥር ሲአርኤፍን 18 አድርገው። ኤኪው ሞዱን 3 በለው። ያ ለጨለማ ቦታ ተጨማሪ ቢት ይሰጣል። አለዚያ ያጸዳኸውን ካሬ መልሰህ ራስህ ትሠራዋለህ። ድምፁን ኮፒ፣ አትንካው።


የብቸናው_ልጅ
እሑድ ማታ 1:30

አለቀ። ሦስት ቀን ፈጀ፣ መብራት አራት ጊዜ ጠፋ፣ አንድም ቁራጭ ግን አልጠፋም። ሰብለ፣ እግዜር ያክብርልኝ።

ቤት ያለው ቴሌቪዥን ትልቅ ስለሆነ መጨረሻ ላይ 1440 በ1080 አደረግኩት። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ከፈትኩላት። ፊታቸው አሁንም ጥርት አይልም። ግን ግንባራቸው ይታያል፣ ጢማቸው ይለያል፣ ከኋላ የቆሙት ሁለት ሰዎች ከጨለማው ወጥተዋል።

እናቴ ብዙ አላወራችም። ዝም ብላ አየች። ቆይታ፣ «ጥለቱን ምን አደረግህብኝ?» አለች።

«የቱን ጥለት?»

«የነጠላውን። እኔ ነኝ ፈትዬ ያሠራሁት። ደማቅ ቀይ ነበር። ይሄ ብርቱካን ነው።»

ዋናውን ቅጂ መልሼ ከፈትኩት። እውነቷን ነው። እዚያ ደብዛዛ ቢሆንም ቀይ ነው። ምን አበላሸሁ?


ጮቄ_ማዶ
እሑድ ማታ 2:10

እናትህ ትክክል ናቸው። ዓይናቸው ከእኛ ሁላችን ይበልጣል።

የድሮው ቴሌቪዥን ቀለሙን የሚያሰላበት ቀመር ቢቲ601 ይባላል። የኤችዲው ቢቲ709 ነው። የአንተ ቅጂ በ601 ነው የተሠራው። ወደ 1080 ስታሳድገው መጠኑ ተለወጠ፣ ቀመሩ ግን አልተለወጠም፤ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ምልክትም የለበትም። ቴሌቪዥኑ 1080 ሲያይ 709 ነው ብሎ ያነብበዋል። ያኔ ቀይ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ይጨመራል፣ ወደ ብርቱካን ያዘነብላል።

ስኬል በሚለው ፊልተር ውስጥ የመግቢያውን ከለር ማትሪክስ ቢቲ601፣ የመውጫውን ቢቲ709 በል። ከዚያ ከፊልተሩ ውጪ በሰረዝ ከለርስፔስ ቢቲ709 ብለህ ምልክቱን ለጥፍበት። ኤፍኤፍቪ1ዎቹ ስላሉህ የሚደገመው የመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነው።


የብቸናው_ልጅ
እሑድ ማታ 5:45

ደገምኩት። እናቴ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። ጥለቱን ስታይ «እ፣ አሁን ነው» አለችና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። አሁንም እያየች ነው። ጸናጽሉ እዚህ ክፍል ድረስ ይሰማኛል።

ዲያቆን፣ ተማሪዎች እንዲያዩት ሙሉ 40 ደቂቃውን በፍላሽ ወደ ሞጣ እልክልዎታለሁ። ፋት32 እንዳይሆን ተጠንቅቄያለሁ።